ኤክስ የሌላቸው ስሞች

ነሐሴ 21 ቀን 2010
ሊፈታ ነው! ዐብዲወሃብ ሊፈታ ነው! ማተሚያ ቤታችን ውስጥ የሠርግ ካርድ እየቆረጥኩ ሳለ ሚስቱ ኢስተሂል ከባጃጅ ዘላ ወረደች። «አባዮ፣ እህቴ ወለተሐና! ዓርብ ይለቁታል፣ ዋላሂ!» ተቃቅፈን ጮህን። ካርድ ሊያዝዝ የመጣው ሙሽራ ደንግጦ ወጣ። ሦስት ዓመት ታስሮ!
ግን... አምናም እንዲሁ ብለው ነበር።

ነሐሴ 22
የተየብኩት የስም መጽሐፍ አለ። ደግሜ አየሁት። በሐምሌው ሁከት በሩን ሰብረው ኮምፒውተሩን ወሰዱ፤ የሠርግ ካርድ ናሙና ማን ይነካል? እዚያ መሃል ነው የደበቅሁት። በክልላችን ጦርነት ጊዜ ከቱሊ ጉሌድ እስከ ደምበል ካሉ መንደሮች ተወስደው የቀሩ ሰዎች ስም። ዐብዲወሃብ ከመታሰሩ በፊት በግልጽ የልጆች መማሪያ ያሳትም፣ በስውር ደግሞ የእነሱን ስም ይሰበስብ ነበር። እኔ በሶማሊኛ እተይብለት ነበር። «ስትጨርሺ የእጅ ጽሑፌን አቃጥዪው፤ ይለዩታል» አለኝ። አቃጠልኩ። በሳምንቱ እሱን አሰሩት።

ነሐሴ 23
ጉድ ሆንኩ! መጽሐፉን ለኢስተሂል አሳየኋት።
«ይሄ አሰን ማነው? አሊማስ?»
«ሐሰን፣ ሐሊማ ነዋ!»
«ታዲያ ኤክሱ የታለ?»
የምን ኤክስ? ለካ በሶማሊኛ ሐ የሚጻፈው በላቲኑ ፊደል በኤክስ ነው! እድሜ ልኬን ስናገረው እንጂ መቼ ጽፌው አውቃለሁ? ዐብዲወሃብ ፊደል ተሳስቶ የሰረዘ መስሎኝ ኤክሱን ሁሉ ዘለልኩት። ኢስተሂል እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የእጅ ጽሑፉ አመድ ሆኗል። አንዷ እናት የልጇን ስም ፈልጋ ብታጣስ? ምን ብዬ ዐብዲወሃብ ፊት ልቆም ነው?

ነሐሴ 25፣ ዓርብ
አልመጣም። «ነገ» አሉ።

ነሐሴ 26
ዛሬም የለም። ደጅ ደጁን ሳይ ሦስት ካርድ አጣምሜ ቆረጥኩ።

ነሐሴ 27
መጣ! ከስቷል፤ ሁለት ጥርሱ የለም። እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሳልለው ጥፋቴን ዘከዘክሁለት። መነጽር ስለሌለው ወረቀቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አነበበ። ከዚያ ሳቀ፤ ያንኑ የድሮውን ሳቅ!
«ወሌ፣ እነዚህን ሰዎች እኮ ሁሉም ኤክስ አድርጎባቸው ነበር። ያነሳሽላቸው አንቺ ብቻ ነሽ።»
ቀይ እስክሪብቶ አመጣሁ። ለካ ሁሉንም በቃሉ ይዟቸዋል! ከነአያታቸው እየጠራ፣ እኔ ኤክሱን እያስገባሁ... ሐሰን። ሐሊማ። አንድ በአንድ።

ጳጉሜን 4
የመጀመሪያው ቅጂ ተጠረዘ! ወረቀት ስላጠረን የመጽሐፉን ምረቃ ጥሪ በሠርግ ካርድ ላይ አተምነው፣ ቀለበቱም እርግቡም አለበት። ኢስተሂል «ማንን ልትድሩ ነው?» ትላለች። ትሳቅ። የመጀመሪያውን ካርድ ለሐሊማ እናት ራሴ ወሰድኩላት። ከፊት ትቀመጣለች። መስከረም 5፣ ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት፣ እኛው ማተሚያ ቤት። ማንም እንዳይቀር!