ለአዋላጁ ሐኪም የጥርስ ሐኪም ጠባቂ ላደረገው ቦርድ

ለተከበሩ ዶክተር ሃርላን ስትሪክላንድ፣ የግዛታችን የሐኪሞች ፈቃድ ቦርድ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው የቦርዱ አባላት ጤና እመኛለሁ፤ እኛ የሎብሎሊ ከተማ ሰዎች የእናንተን ያህል ሐኪም የመምረጥ ዕድል ስለሌለን፣ ምኞታችን ለእናንተ ቢተርፍ አይከፋንም።

ነገሩ የተበላሸባትን ቅጽበት ልንገርዎ፤ በስብሰባችሁ ላይ «ወደ ዋናው ነጥብ ግቢ» ስላሉኝ ሳልጨርስ ተቀምጫለሁና። ምጥ በጠናብኝ ሰዓት ዶክተር ዌንደል ኦግልስቢ ጎንበስ ብለው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አንቺንም ያዋለድኩሽ እኔ ነኝ» አሉኝ። አፋቸው ውስጥ ከያዙት የናና ከረሜላ ሽታ ሥር የውስኪ ሽታ መጣ። ነርሷም ሸተታት፤ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ልጄ ኤሜት ሲወለድ አላለቀሰም። ዋናው ነጥብ ይኸው ነው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ዶክተሩ በሥራ ላይ ጠጥተው እንደነበር ቦርድዎ ራሱ ካመነ በኋላ ጥቂት ወራት አሳርፎ ፈቃዳቸውን ስለመለሰላቸው ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ የተመለሱት «ፈቃድ ባለው የጤና ባለሙያ ክትትል ሥር» ነው ስላላችሁን ተጽናንተን ነበር። ጠባቂውን የሚመርጠው ተጠባቂው ራሱ መሆኑን ግን አልነገራችሁንም። ዶክተር ኦግልስቢ የመረጡት አብረዋቸው ዳክዬ የሚያድኑትን የጥርስ ሐኪም፣ ዶክተር ላይል ታብስን ነው። ሕጉ ፈቃድ ይኑረው ይላል እንጂ የምን ፈቃድ ብሎ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ማንም ሕግ አልጣሰም፤ የሚያቅለሸልሸኝም ይኸው ነው። በዓርቡ የትምህርት ቤት የኳስ ጨዋታ ላይ ዶክተር ታብስ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር። ጎረቤታቸው «አንተ ሰውዬ፣ ማዋለጃ ክፍል ገብተህ ምን ታያለህ?» ቢላቸው፣ «ኧረ ማን ገባ! ሻይ ክፍል ቁጭ ብዬ የፒካን ለውዝ ኬኬን እበላለሁ። ዌንደልን ‘ደህና ነህ?’ እለዋለሁ፤ ‘ደህና ነኝ’ ይለኛል፤ ሪፖርቱ ላይ እፈርማለሁ። እኔ የማውቀው ጥርስ ነው፤ ሕፃን ደግሞ ጥርስ የለውም!» አሉ። መደዳው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ዞር ስል ነው ሳቁ የቆመው። «ውይ ሮዌና፣ የኔ ቆንጆ፣ እዚህ መኖርሽን አላየሁም እኮ» አሉኝ። የጸጸታቸው መሆኑ ነው።

ይህንኑ ለቢሮዎ ስልክ ደውዬ ባመለክት፣ ጸሐፊዎ በታላቅ ትዕግሥት «እመቤት፣ የጥርስ ሐኪምም እኮ ሐኪም ነው» ብላ አስተምራኛለች።

ሦስተኛ፣ ለግዛቱ ምክር ቤት ስላቀረባችሁት ረቂቅ ሕግ አመሰግናለሁ። ከጸደቀ የጠባቂዎች ሪፖርት ለሕዝብ ዝግ ይሆናል፤ አቤት ያለ ሰውም ከእናንተ የሚሰማው «ጉዳዩ ታይቷል» የሚለውን ብቻ ነው። ዓላማው የሐኪሞችን ክብር መጠበቅ ነው ብላችኋል። ሳይጠጡ የሚሠሩ፣ ሌሊት ተነሥተው ከሞት ጋር የሚታገሉ ሐኪሞች ብዙ ናቸው፤ የእነሱን ክብር የዶክተር ኦግልስቢ መሸፈኛ ስታደርጉት ትንሽ እንኳ አልከበዳችሁም?

እህቴ ዴሊያ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀርባለች። በአውራጃችን ሌላ አዋላጅ ሐኪም የለም፤ ሌላው ሆስፒታል ከወንዙ ማዶ ነው፣ ወንዙ በሞላ ቁጥር ድልድዩ ይዘጋል። እናታችን «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዥ! ሰውየው ከተቀየሙ ዴሊያን ማን ሊቀበላት ነው?» ትለኛለች። የልጅ ልጇን የቀበረች ሴት ከሐኪሙ መጠጥ ይልቅ የሐኪሙን ኩርፊያ እንድትፈራ አድርጋችኋታልና፣ ለዚህም ምስጋና ይገባችኋል።

እስካሁን ያከበራችሁኝን ያህል የማከብራችሁ፣
ሮዌና ፕራይስ
የሎብሎሊ የባዮሎጂ መምህርት፣ የኤሜት እናት

ማስታወሻ፦ ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት በሚቀርብበት ቀን እመጣለሁ፤ ሳልጨርስም አልቀመጥም። በወዳጅ የሚጠበቅ ሐኪም፣ የሚቆለፍ ሪፖርት፣ «ጉዳዩ ታይቷል» የሚል መልስ ከእንግዲህ አልቀበልም። ዴሊያ ስትወልድም ከአልጋዋ አጠገብ የምቆመው እኔ ነኝ፤ ዶክተሩ ጠጥተው ከመጡ በሩን አላሳልፋቸውም። ያለ ፈቃድ በሕክምና ሥራ ገባሽ ብላችሁ ክሰሱኝ፤ የእኔ ጉዳይ ቢያንስ በግልጽ ችሎት ይታያል።