ሰብለ በር ላይ ያሰለፍኳቸው ሰዎች

ሰኞ

ለሐኪሙ ተሰጠ። ለነርሶቹ ተሰጠ። መርፌ ለሚቀቅለው ጤና ረዳት እንኳ ተሰጠ። ለኔ ልጅ ግን «እናያለን» ተባለ!

ልዩ አበሉን ነው የምለው፤ በጦሩ ውስጥ ለሚያገለግሉ የጤና ባለሙያዎች ተብሎ የወጣውን። ሰብለ አዲስ አበባ ሥነ ልቦና ተምራ፣ እዚህ አሶሳ የጦር ካምፑ ክሊኒክ ውስጥ ክፍል ተሰጥቷት የምትሠራ ናት። የአስተዳደሩ ሰውዬ «መርፌ አትወጋ፣ ኪኒን አትሰጥ፣ ምኗ ነው የጤና ባለሙያ?» አሉ አሉ።

እኔ ደግሞ የአበሉን ወሬ የሰማሁ ዕለት ሳላጣራ «ሰብለም አገኘች» ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ። ዛሬ ገበያ ላይ ሁሉም «እንኳን ደስ አለሽ» ይለኛል። ምን ልበል? «አሜን» እያልኩ ሽንኩርቴን ገዝቼ መጣሁ።

የሚያስጨንቀኝ ብሩ አይደለም። (እሺ፣ ብሩም ነው።) አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ይፈልጋታል። ምሳ ላይ «እማዬ፣ እንደ ባለሙያ ካልቆጠሩኝ ምን ልሠራ እቀመጣለሁ? እሄዳለሁ» አለችኝ። ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ እጄን ይዛ የመጣች አንድ ልጄ ናት። ከሷ በቀር ማን አለኝ?

ማክሰኞ

ደስ ደስ ብሎኛል! ሐሙስ ከበላይ ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ የሰብለን ሥራ በዓይናቸው አይተው ሊወስኑ። አቤት፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲያ ግን ቁጭ ብድግ ሆነ ሥራዬ። የሰው ሱሪ ስሰፋ አንዱን እግር ከሌላው አሳጠርኩት።

ችግሩ የሰብለ ክፍል ሁልጊዜ ባዶ መሆኑ ነው። ወታደር በዚያ በር ሲገባ ከታየ «አበደ» ይባላላ! ስለዚህ ከክሊኒኩ ጀርባ ማንጎው ሥር ይሰበሰባሉ። ለውዝ እየፈለፈሉ ስለ ኳስ ያወራሉ። እሷም መሃላቸው ቁጭ ትላለች። በዚያው አንዱ ቀስ ብሎ የሆዱን ይነግራታል። ሥራዋ እንግዲህ ይኸው ነው። ገምጋሚ መጥቶ ቢያይ ግን ምን ይላል? ለውዝ ትበላለች ይላል።

የተጠገነ ልብስ ላደርስ ካምፕ ሄጄ ሃምሳ አለቃ ግርማን አገኘሁት። «እትዬ ዘነቡ፣ ምነው ዛሬ ዝም አሉ? ያምዎታል እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። እውነቱን ነው፣ ሐሳብ ይዞኝ ነበር።

ረቡዕ

መላ አገኘሁ። ለሰብለ አልነገርኳትም።

ጎረቤቴን ሐዋን ጠራኋት። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፣ አማርኛዋ ይኮላተፋል፤ ባሏ የካምፑ ዘበኛ ስለሆነ ክሊኒኩ ያክማታል። «ነገ ሰብለ በር ላይ ቆመሽ ወረፋ ትጠብቂልኛለሽ» አልኳት። «ምን አመመኝ ልበል?» «የፈለግሽውን! ብቻ ሰልፉ ይርዘም።» ሳቀች፤ «ያላህ! ለሰብለ ከሆነ እኔ ይመጣል» አለች። ከዚያ የወታደሮቹን ሚስቶች ቤት ለቤት ዞርኩ። እሺ ያላለችኝ የለችም። እኛ አዲስ ክልል ነን፣ የቢሮዎቻችን ቀለም እንኳ አልደረቀም፤ ሰው የሚከበረው በሩ ላይ በቆመው ሰው ብዛት ነው። የየቢሮውን ኃላፊ አይቻለሁ እኮ!

ሐሙስ

ወይ መዓት! ካልጻፍኩት ያፈነዳኛል።

ሰዎቼ ነጠላቸውን ተከናንበው ተሰልፈዋል። እኔ ልብስ ላደርስ የመጣሁ መስዬ ጥግ ቆሜያለሁ። ገምጋሚዎቹ መጡ፤ አንድ ባለ መነጽር ኮሎኔልና አንዲት ሴት ሐኪም። ኮሎኔሉ ሰልፉን አይተው ፊታቸው በራ። ሐዋን ጠጋ ብለው «ምንሽን ነው የሚያምሽ እናቴ?» አሏት።

ሐዋ ጉንጯን ይዛ «ጥርሴ ነው ወላሂ። ሰብለ ጎበዝ ነው፣ ይነቅላል!»

ይነቅላል! ከኋላዋ የቆመችው «ወባ» አለች። ሦስተኛዋ ልጇን ልታስከትብ ነው የመጣችው። ሐኪሟ አፏን በእጇ ሸፈነች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ!

ሰብለ ከክፍሏ ወጣች። አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። «ይቅርታ ጌታዬ፣ እነዚህ የእናቴ ጎረቤቶች ናቸው። የኔ ሰዎች ከጀርባ ናቸው» አለችና ወደ ማንጎው መራቻቸው። እኛም ተከተልን፤ ማን ይቀራል?

ወታደሮቹ ብድግ ብለው ሰላምታ ሰጡ። ኮሎኔሉ «እሷ ዘንድ የምትታከሙ እነማን ናችሁ?» አሉ። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ቅጠሉን።

ግርማ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። «እኔ ነኝ ጌታዬ። ከግንባር ከተመለስኩ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። አሁን እተኛለሁ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ግርማ ዞር ብሎ «ሳቅ፣ ሳቅ! በኔ ጩኸት እየባነንክ ስታማርር የነበርከው አንተ አይደለህም? አንተም የተኛኸው በሷ ነው» አለው። ሳቁ በዚያው ቀረ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው እጃቸውን አወጡ።

ዓርብ

አታናግረኝም። ራት አቀረብኩ፣ አልበላችም። በመጨረሻ የተናገረችው ይኼን ብቻ ነው፦ «እነዚያ ሰዎች ዛፉ ሥር የሚመጡት ማንም እንዳያውቅባቸው ነው። እኔ ወስጄ ለኮሎኔል አሳየኋቸው። ካንቺ ሰልፍ እፍረት ለመውጣት ብዬ!»

እኔ ሰልፉን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ይኼን አላሰብኩም።

ዛሬ ማንጎው ሥር ግርማ ብቻውን ተቀምጦ ነበር አለችኝ ሐዋ።

ቅዳሜ

ተፈቀደላት!! ገምጋሚዎቹ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከመሄዳቸው በፊት ጠርተው ነገሯት። «ይኼ የጤና ሥራ ካልሆነ የትኛው ሊሆን ነው?» አለች አሉ ሐኪሟ። እልልታዬ ከሐዋ ቤት አልፎ ተሰማ።

ከዚያ ሰብለ ቀሪውን ነገረችኝ። አበሉን የሚቀበል ባለሙያ በተመደበበት ሊያገለግል መፈረም አለበት። የሷ ምደባ መተከል ነው፣ በገነተ ማርያም በኩል። ክልሉ አንድ ነው ይባላል፤ መሃሉ ላይ ግን ዓባይ አለ! በመኪና ለመድረስ ከክልሉ ወጥቶ፣ አገር ዞሮ እንደገና መግባት ነው። እኔ እዚህ እንድትቀርልኝ ብዬ ለፍቼ!

«ካልፈረምሽስ?» አልኳት። «ያለ አበሉ እዚሁ መቀመጥ፣ ወይም አዲስ አበባ» አለች። መልሱን ሰኞ ትሰጣለች።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግርማ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ትናንት ማታ አምስት ሆነው ማንጎው ሥር ተቀምጠው ነበር። ያ የሳቀው ልጅ ሳይቀር መጥቷል። «እትዬ፣ ልትሄድብን ነው አሉ። እርስዎ ቢነግሯት ትሰማ ነበር» አለኝ።

እንዴት ደስ የሚል ነገር ነው! የኔን ፍላጎት በሌላ ሰው አፍ። አምስቱን ይዤ፣ ሐዋን ጨምሬ፣ ሽማግሌ አድርጌ ቤቴ ባስገባቸው… አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። «እሷ ታውቃለች» አልኩት። ከኔ አፍ መውጣቱን አላመነም መሰለኝ፣ ቆሞ አየኝ።

ሰብለ አሁን ጓሮ ልብሷን ታጥባለች። ሁሉንም ልብስ ነው ያወጣችው፣ ንጹሑንም። ታንጎራጉራለች ደግሞ። የሚሄድ ሰው ነው እንዲህ የሚያንጎራጉረው ወይስ የሚቀር? ልጠይቃት ሦስት ጊዜ ብድግ አልኩ። በሦስተኛው ደረስኩና «ውሃ ልጨምርልሽ?» አልኳት።

«ጨምሪልኝ» አለች።

ጨመርኩላት።