«የሚስቴ ወንድም ነው!»

ቅዳሜ፣ መጋቢት 3፤ ከሰዓት

እግሬ አብጧል። አሠልጣኛችን ሻምበል (ሻ/ል) ዛሬም አሰለፉን፣ አዞሩን፣ ባሮ ዳር አስሮጡን። ተጠባባቂ ጦር ማለት ይኸው ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ጠመኔ ይዘህ ትከርምና ቅዳሜ ጧት ወታደር ትሆናለህ። እኔ መምህሩ ከፊት፣ ከጎኔ ጋትሏክ፣ የግብርና ቢሮ ሾፌር። ቁመቱ እኔንና ግማሽ እኔን ያክላል። ፀሐዩን ስለሚከልልልኝ ከጎኑ አልጠፋም።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ ሁሉ ነገር አዲስ ነው። የቢሮው ቀለም አልደረቀም፣ ወንበር የለም፣ ሰዉ ግን ደስ ብሎታል። ተጠባባቂውም አዲስ ነው፤ ሰው አነሰው። ሻ/ል ለዚህ መላ አመጡ። በድምፅ ማጉያ መለፈፍ ይብቃ፤ እያንዳንዳችሁ አንድ ዘመድ ወይም አንድ ጓደኛ ይዛችሁ ኑ አሉ። ያመጣችሁት ሰው ትከሻ ላይ እጃችሁን ትጭናላችሁ፣ ምናችሁ እንደሆነ በሰልፉ ፊት ጮክ ብላችሁ ትናገራላችሁ፣ ዋሱም እናንተ ናችሁ። በዋስ የገባ አይጠፋም ነው ነገሩ።

ሁሉም እየሳቀ ተበተነ። እኔ ማንን ላምጣ? እናቴ ደብረ ታቦር ናት። ጋትሏክ ገብቷል። ሌላ ያለችኝ አሪያት ናት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ በድልድዩ ላይ አብሮ መሄድ ምን ይባላል? ዘመድነት ነው? ንገሪኝ እንጂ! ደብተር ሆነሽ ቀረሽ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 6

አገኘሁ! ኦሞት! የአሪያት ታላቅ ወንድም፣ አናጢው። ከት/ቤት ስመለስ ሱቁ ገባሁ፣ ነገሩን አወራሁት። መጋዙን አስቀመጠ። ጫማ ይሰጣል ወይ አለኝ። ይሰጣል አልኩ። መቼ አለ። እሱን ሻ/ል ያውቃሉ አልኩ። ሳቀና እሺ አለኝ። ከልቡ ሲፈልገው ኖሯል፤ የሚጠራው ሰው ብቻ አጥቶ ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 10

ጉድ! ጉድ! ጉድ!

መጀመሪያ ጋትሏክ ወጣ። ያመጣው ሰው እንደሱው ረጅም፣ ግንባሩም እንደሱው የተበጣ። ወንድሜ ነው አለ። ሻ/ል፣ በእናት ነው በአባት? ጋትሏክ ተገረመ። በእናትም በአባትም አይደለም፤ ጉርምስና ስንገባ ግንባራችንን በአንድ ቀን ነው የተበጣነው፣ ከዚህ ወዲያ ወንድም የለም አለ። ሻ/ል ወንድም ብለው መዘገቡት።

ቀጥሎ እኔ። ኦሞትን ይዤ ወጣሁ፣ እጄን ጫንኩ። ጓደኛዬ ነው ልል ነበር፤ በማርያም! ፀሐዩ አናቴ ላይ፣ የሰልፉ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ። ሻ/ል «ምንህ ነው?» ብለው ጮኹ። እኔም ጮኽኩ፦

«የሚስቴ ወንድም ነው!»

ሚስት የለኝም። ጋትሏክ ያውቃል፣ ሰልፉ ያውቃል፣ ኦሞት ከሁሉም በላይ ያውቃል። ዞሮ አየኝ። በቃ ሊመታኝ ነው ስል ጥርሱ በሙሉ ታየ። ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ። አጥሩ ሥር ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች እልል አሉ። ሻ/ል እንኳን ደስ ያለህ ብለው ጨበጡኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! እውነቱን ልንገርሽ? ደስ ብሎኛል።

እሑድ፣ መጋቢት 11

ደስታው አንድ ሌሊት ነው የቆየው። አሪያት ጸሎት ቤት በር ላይ ይዛኝ ቆመች። ለሜዳው ሁሉ ተናግረህ ለእኔ ያልተናገርከው ለምንድን ነው? እውነቷን ነው። አላገባም አላለችም፣ አገባለሁም አላለች። አባቴ ነገ ይጠሩሃል ብላ ሄደች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን ከየት ልልቀመው?

ሰኞ፣ መጋቢት 12

ሄድኩ። አባባ ኦኬሎ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ዓሣ አስቀረቡ። ጾም ነው። እምቢ ብል ንቆኛል ይላሉ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በላሁ። ሲጣፍጥ ደግሞ!

በልቼ ስጨርስ በቀስታ ተናገሩ። ልጄን ለመጠየቅ ድሙይ ያስፈልጋል፣ ከአያቶች የሚወርደው ሰማያዊ ዶቃ፤ ሱቅ ሄደህ አታገኘውም። ዶቃው ይቆይ። ከዶቃው በፊት ግን ቤቴ ሰው ይመጣል፣ ወገን ይመጣል። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ለጦሩ ሰው አመጣህ። ለእኔስ ማንን ታመጣለህ?»

ወገን ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም ነው ነገሩ። እናቴ በስንት ቀን መኪና ትደርሳለች? እንኳን ልትደርስ፣ ሰምታም አታውቅ። አሪያት በሩ ጀርባ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ስወጣ ዓይኗ እርጥብ ነው። እሷን ካጣሁ ጋምቤላ ምን ይሆንልኛል?

ሐሙስ፣ መጋቢት 15

ጋትሏክ ነገሩን ለሻ/ል አደረሰው። ሻ/ል ዘመድና ጓደኛ አምጡ ያልኩት እኔ፣ ጣጣውም የእኔ ነው ብለው ተነሡ። ጋትሏክም እኔስ አለ። ኑዌር ለአኙዋክ ቤት ሽማግሌ ሲሆን ማን አየ ብሎ ሳቀ፤ ሁለቱ ወገን ስንቴ ተጣልቷልና ሳቁ ቶሎ አለቀ።

ዛሬ አባባ ኦኬሎ ቤት ሄዱ። እኔ እስከ አጥሩ ተከተልኩ። ዞር ስል፣ አቤት! የሰልፋችን ሰው በሙሉ ከኋላ በሰልፍ ይመጣል። ማንም አልጠራውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አሉ፤ እኔም ያን ጊዜ ቀለለኝ። አባባ ኦኬሎ ከወንበራቸው ተነሥተው አዩአቸው። ወንበር አንድ ብቻ ነው ያለው። ለጋትሏክ ሰጡት።

መልሱን ግን አልሰጡም። አስብበታለሁ አሉ። እንቅልፍ የለኝም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 17

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን ይቅር በይ።

ጧት ሰልፍ ላይ ነን። ኦሞት ከጎኔ፣ በአባቱ አሮጌ ጫማ። አባባ ኦኬሎ በትራቸውን ይዘው ማንጎ ሻጮቹን አልፈው ወደ እኛ መጡ። ሻ/ል ደነገጡ። ለመመዝገብ ከሆነ ዕድሜዎ አይፈቅድም ማለት ጀመሩ። ሽማግሌው በሰልፉ መካከል አለፉ፣ እኔ ጋ ቆሙ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጫኑ።

«እኔ አልገባም። ሰው አመጣሁ» አሉ።

ሻ/ል ገባቸው። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው እንደ ደንቡ ጮኹ፣ ምንዎ ነው?

«ልጄ ነው። ዋሱ እኔ።»

አለቀስኩ። ተጠንቀቅ ላይ ስለነበርኩ እንባዬን መጥረግ አልችልም፤ ዝም ብሎ ወረደ። ጋትሏክ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል፤ እሱም ያለቅሳል። ሽማግሌው ሲሄዱ በጆሮዬ፣ ዶቃው ግን አልቀረልህም አሉኝ።

ማታ። ድልድዩ ላይ አሪያትን ጠየቅኳት። በመጨረሻ ለራሷ! እስክደግመው አስጠበቀችኝ፣ ከዚያ እሺ አለች።

ስለዚህ ቆርጫለሁ፤ ለእናቴ ዛሬውኑ እጽፋለሁ፣ ለፋሲካ ትምጣ፣ እዚህም ወገን አለን ብዬ። በጾም ዓሣ መብላቴን ግን አልነግ— በሩ ተንኳኳ። ኦሞት ነው፣ ጫማው መቼ ነው የሚሰጠው ይላል።