ነጭ አዝሙድ የተጠቀለለበት ካርድ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከቀኑ 9 ሰዓት

ሱቅ። ጥቁር ዚፕ አልቋል፤ አዘዝኩ። ነጭ ክር ገባ። ባለቤቴ አልማዝ ደውላ ነጭ አዝሙድ አምጣ አለች። እህል በረንዳ ጠርዝ፣ ቅመም ሻጯ እትዬ ሙሉ ጋ ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

ሱቅ ስደርስ ጥቅሉ ተፈታ። ወረቀቱ ላይ ስሜ አለ።

ደብተሬ፣ ስሜ ብቻ አይደለም። ዕድሜዬ። የቤት ቁጥሬ። ስልኬ። የምታከምበት ክሊኒክ ማኅተም። የዶ/ሩ እንግሊዝኛ፤ ከሥሩ የነርሷ አማርኛ፣ ጥርት ያለ፦ የሚጥል በሽታ። ሴት ልጁ እንዳታውቅ አደራ ብሏል።

ለመጨረሻ ጊዜ ከጣለኝ አሥራ ሰባት ዓመቱ። ከአልማዝ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጄ ሜሮን ክኒኑ ቫይታሚን ይመስላታል፤ የቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ትናንት ደግሞ ዳዊት የሚባለው ልጅ እሷን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። እንደ ወጉ እሺም እምቢም አላልንም። ዘመድ እናማክር ብለን ለእሑድ 21 ቀጠርናቸው። ይህ ሁለት ሳምንት ለምን እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል። ሁለቱ ወገን ይጠያየቃል። ዘር ይጣራል። በሽታ ይጣራል።

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ጥግ ላይ «1/3» ይላል። ሌሎቹ ሁለት ገጾችስ? ማን ቤት ነው ያሉት? ምን ተጠቅልሎባቸው?

ማክሰኞ፣ 9። ረፋድ

ክሊኒክ። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፣ ትሑት። ካርድ ክፍሉን ከፍቶ አሳየኝ። ባዶ መደርደሪያ። ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ ስለጫኑት የድሮውን ወረቀት ለቆራሌው በኪሎ ሸጠውታል። ቆራሌው ለምናለሽ ተራ ነጋዴዎች፣ እነሱ ለባለ ቅመሞች።

«ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ምንም የጠፋ ነገር የለም» አለኝ። «ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ አለ።»

የጠየቅኩህ ስለ ወጣው ነው፣ አልኩት። የደረሰብኝን ጉዳት ጠየቀኝ። እስካሁን የለም አልኩ። ፈገግ አለ። ክፋት የለበትም፤ እፎይ ያለ ሰው ፈገግታ ነው።

ስወጣ ካርድ ክፍሉ በር ላይ የተሰለፉትን አየሁ። ስማቸውን ጮክ ብለው እየተናገሩ ያስመዘግባሉ።

ረቡዕ፣ 10

እትዬ ሙሉ ጋ ሦስት ጊዜ። ጠዋት ኮረሪማ። ከምሳ በፊት ቁንዶ በርበሬ። ከሰዓት ጥቁር አዝሙድ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ለየብቻ ይጠቅለልልኝ ብዬ። መጠቅለያው ከመቀመጫቸው ሥር ተከምሯል። እጃቸውን እንጂ ቅመሙን አላይም።

የእኔ አልወጣም። የሌሎች ወጣ። የሴት ስም፣ የሽንት ምርመራ። የአንድ ሽማግሌ ሳንባ። ሁሉንም አነበብኩ። ማንበብ አልነበረብኝም፣ አነበብኩ። ከሰዎቹ አንዱን እዚሁ መሳለሚያ አውቀዋለሁ፤ ነገ ሰላም ሲለኝ በምን ዓይን አየዋለሁ?

ያስፈራኝ ይሄ ነው። እኔ ያነበብኩት እንዲህ ከሆነ፣ የእኔን ያነበበውስ?

ቤቱ ቅመም ቅመም ይላል። ልጄ ሜ. ሠርጉ ነገ ነው እንዴ ብላ ሳቀች።

ሐሙስ፣ 11። ከሰዓት

መሳለሚያ፣ ፎቅ ላይ፣ ጠበቃ። አዲሱ የግል መረጃ ሕግ ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጥሃል አለኝ። አቤቱታው በቅጽ ይቀርባል። ዋናውን ወረቀት እንዳትጥል፤ ማስረጃህ እሱ ነው። ቅጹ ላይ አንድ ሳጥን አለ፦ የደረሰው ጉዳት።

ፍርሃት ጉዳት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ይጻፋል አለ፤ ግን የሚታይ ነገር ቢኖር ይጠነክራል። ለምሳሌ የልጅህ ጋብቻ በዚህ ምክንያት ቢፈርስ። እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ነው ይህን የተናገረው።

ታክሲ ውስጥ ራሴን አንድ ነገር ሳስብ ያዝኩት። የፈረሰውን ጋብቻ በሐሳቤ ከአቤቱታው ጋር አያይዤ፣ ገጽ ቁጥር ሰጥቼ። ለአንድ ፌርማታ ያህል። ከዚያ ሊጥለኝ ነው ብዬ የወንበሩን ብረት ጨብጬ ተቀመጥኩ። አልጣለኝም። ፍርሃት ብቻ ነበር።

ዓርብ፣ 12። ጠዋት

ኅዳር ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል። ሰማዩ ግራጫ። ዓይን ይቆጠቁጣል።

አልማዝ ወረቀቱን አብረህ አቃጥለውና ይለቅልን አለች። ሌላው ገጽ ቢወጣስ፣ አልኳት። ያንንም ታቃጥለዋለህ። እሷ ጋ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ቀላል ነው። ግን ወጥ ስታማስል አየኋት፤ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረች።

የሰዎቹን ወረቀቶች አንድ በአንድ እሳት ውስጥ ጨመርኩ። ጎረቤቴ ከማዶ፦ «ጋሼ ኃይሉ፣ ደረሰኝ ነው እንዴ የምታቃጥለው? ግብር ሰብሳቢ እንዳያይህ!» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ።

የራሴን እሳቱ አፍ ድረስ አደረስኩት። ጠርዙ ጠቆረ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ካቃጠልኩት ማስረጃ የለኝም። ካላቃጠልኩት ሰላም የለኝም። እሳቱን አይቼ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ 16

ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ወረቀቱን ይዘው ይምጡ፣ ጉዳት አልደረሰብኝም ብለው ይፈርሙ፤ እኛ ለመላው ቤተሰብዎ ዓመት ሙሉ ነፃ ሕክምና እንሰጣለን። እስከ ቅዳሜ። መላው ቤተሰቤ። ካርድ ሊያወጡልን።

አልማዝ ፈርም አለች።

11 ሰዓት ላይ። ከዳዊት ሽማግሌዎች አንዱን፣ ከዘራ የሚይዙትን፣ ተራው ውስጥ አየኋቸው። ከሱቅ ሱቅ እየጠየቁ ነው። ወግ ነው፤ እኛም ስለ ዳዊት ቤት ሰው ልከናል። ግን እትዬ ሙሉ ጋ ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ክሩን ማጠንጠኛው ላይ የምጠቀልል መሰለኝ፤ ጣቴ ላይ ነበር የጠቀለልኩት፣ እስኪጠቁር።

ሐሙስ፣ 18። ጠዋት

መጀመሪያ ዝንጅብል አልኩ። እትዬ ሙሉ ሚዛናቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ኃይሉ፣ ስንት ወጥ ነው የምትሠሩት? ወረቀቱን ከሆነ የምትፈልገው ንገረኝ።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ከመቀመጫቸው ሥር፣ ከሌላው ተለይቶ የታጠፈ ነገር አወጡ። 2/3። 3/3። ፊደል የቆጠሩት በማታ ትምህርት ነው፤ ቀስ ብለው ያነባሉ፤ የሚያውቁት ሰው ስም ካለበት አይጠቀልሉበትም። የመጀመሪያው ገጽ አምልጧቸው ነው።

ባለ ከዘራው ምን ጠየቁ፣ አልኩ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው አሉኝ። የሚሸጠው ክር አይበጠስም አልኳቸው። ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ከዚያ ክምሩን በእግራቸው ነካ አደረጉት። ግማሹ አልቋል። «የማላውቃቸውንስ?» አሉ። «በእነሱ ጠቅልዬ ሸጥኩ እኮ። ማን ይነግራቸዋል?»

 ሦስቱም ገጽ እጄ ውስጥ ነው። ስሜቱ የመዳን መሆን ነበረበት። አይደለም። እኔ ከፈረምኩ ክሊኒኩ ማንም ላይ ጉዳት የለም ይላል። በእኔ ፊርማ።

ቅዳሜ፣ 20። 4 ሰዓት

ለሜ. ነገርኳት። ወረቀቱ እንዴት እንደወጣ፣ ማን ማን ጋ እንደሄድኩ ተረክኩላት፤ በሽታውን ግን መናገር ስላልቻልኩ ወረቀቱን ሰጠኋት። አዝሙድ አዝሙድ ይላል።

አነበበች። ስለ በሽታው ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ወደ እኔም ይመጣል ወይ እንድትለኝ፤ መልሱን ስዘጋጅ ነው ያደርኩት። ጣቷን ግን ሌላ መስመር ላይ አሳረፈች። ሴት ልጁ እንዳታውቅ።

ነርሷ ታውቃለች፣ አለች። ቆራሌው፣ ባለ ቅመሟ፣ ጠበቃው። እኔ ብቻ።

አልጮኸችም። ተነስታ የቫይታሚኑን ጠርሙስ አመጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። ስንት ሰዓት ነው የምትውጠው፣ አባዬ? ነገርኳት። ስልኳ ላይ ሞላችው፣ እንዲያስታውሳት።

ነገ ሽማግሌዎቹ ከእኛ አፍ ይስሙት አለች። ዳዊትስ? አልኳት። አሁን ልነግረው እየሄድኩ ነው አለች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋች። ክሊኒኩ ሁለቴ ደወለ። አላነሳሁም።

እሑድ፣ 21። 8 ሰዓት ከሩብ

ሜ. ትናንት ተመልሳ በቀጥታ ክፍሏ ገባች። ዳዊት ምን አለ ብዬ አልጠየቅኩም። ፈራሁ። ዛሬ ግን ሶፋውን ራሷ ወለወለች።

ቅጹ ተሞልቷል። ስም። የቤት ቁጥር። ስልክ። ራሴ በእጄ ጻፍኩት፣ ያንኑ። ሦስቱም ገጽ ተያይዟል፤ የተቃጠለው ጠርዝ ይታያል። ከሥሩ፣ ሌሎቹም ባለ ካርዶች ተፈልገው እንዲነገራቸው ብዬ ጨምሬያለሁ። የጉዳት ሳጥኑ ብቻ ባዶ ነው። ከሽማግሌዎቹ በኋላ እሞላዋለሁ። እሺ ብለው ቢቀመጡም፣ ኮፍያቸውን አንስተው ቢወጡም፣ ቅጹ ነገ ጠዋት ይገባል። ይህን ወስኛለሁ።

በወጉ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው፣ አባት ተቀመጡ እስኪል። እኔም ቆሜ እነግራቸዋለሁ። ተቀመጡ ከማለቴ በፊት።

እግር ይሰማል። ከዘራ ደረጃው ላይ። አልማዝ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው። ሜ. ልትከፍት ሄ—