የአሰን ፊት

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለቬሴሊን፤

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ? ብርድ ቤት ውስጥ ቆሞ ሥጋ መበለት ወገብ አይምርም። የላክሁልህን የሱፍ መቀነት ታጠቅኸው ወይስ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል? ባለቤትህ ራድካ፣ ልጅህ ኔሊ እንዴት ናቸው? ኔሊን ሳሏ ለቀቃት? እኛ ደህና ነን፤ የእማዬ ጉልበት ብቻ ብርድ ሲመጣ ያው አመሉ ነው።

ባለፈው ደብዳቤህ የጀርመኑ አለቃህ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ስንት ራስ መጣልኝ?» እያለ እንደሚቆጥራችሁ ጽፈህልኝ ነበር። አልቅሻለሁ። እማዬማ «ልጄን እንደ ከብት!» ብላ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። አሁን የምነግርህን ይህን እያሰብህ አንብበው።

መቃብር ቆፋሪው አሰን ሞተ። አምና ፈቃድ ከልክለውህ ስትቀር አባባን የቀበረ እሱ ነው። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ እንጨት አንድዶ እያቀለጠ ሁለት ቀን ቆፈረ። በዕድሜ አባባን ይበልጣል፤ ግን ከታችኛው ሰፈር ነው፣ «ቁራዎቹ» ከምንላቸው ከሮማ ጂፕሲዎች ወገን፤ አንቱ ያለው ሰው የለም።

ቅዳሜ የአባባ ሙት ዓመት ነበር። እንደ ወጉ ፎቶውን ከማስታወቂያው ጋር አሳትሜ፣ ንፍሮውን ይዤ፣ ከእማዬ ጋር ዳቦ ቤቱ አጠገብ ወዳለው የሙታን ሰሌዳ ሄድሁ። የአሰን ልጅ ስላቭካ ቀድማን የአባቷን የአርባ ቀን ማስታወቂያ ለጥፋለች። ስሙን በእጇ ጽፋ፣ ከላዩ ትንሽ ፎቶ አጣብቃለች። የቀረው ባዶ ቦታ ከጎኑ ብቻ ነው፤ እዚያው ለጠፍሁ። መጠጥ ቤት ያለው ቶንቾ ከበሩ ላይ ሆኖ «አንቺ ዝላትካ! አባትሽ ከመቼ ወዲህ ነው ከቁራ ጋር አንድ ሽቦ ላይ የሚያርፉት?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እማዬ ፊቷ ቀላ፤ «ያንን አንሽልኝ! የባሌን ስም አታስጠፊብኝ!» አለችኝ።

የአሰንን ማን አነሳው አትበለኝ። እኔ ነኝ። ሙጫው ደርቆ ነበርና ስስበው ፎቶው ለሁለት ተቀደደ፤ ከአፉ በታች ሰሌዳው ላይ ቀረ።

ስላቭካ የራሷን ንፍሮ በሳህን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። አልጮኸችም። «እትዬ ዝላትካ፣ ብትነግሪኝ ራሴ አነሳው አልነበር? ሌላ ፎቶ እኮ የለንም። የመታወቂያው ነው» አለችና የቀረውን በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። ተቦጫጨቀ። እኔ ይቅርታ ማለት ሲገባኝ «ዳር ላይ ብትለጥፊው ምን ነበረበት?» አልኋት። ይህ አፌ ይቆረጥ!

ቤት ገብቼ አንተ እንድታይ ያነሳሁትን የአባባን የቀብር ፎቶ ሁሉ ዘረገፍሁ። አሥራ አንድ ነው። አሰን በአንዱም የለም። ትዝ አለኝ፤ ካሜራውን ባነሳሁ ቁጥር «ዞር በል፣ ወንድሜ ማየት የሚፈልገው አንተን አይደለም» እለው ነበር። እሱም «እሺ እመቤት» እያለ ከዋልነቱ ዛፍ ኋላ ይሄዳል። በአንዱ ላይ ብቻ ሬሳ ሣጥኑን የሚያወርድበት ገመድና ሁለት እጁ ይታያል። ያንን ቀን ከእጁ በላይ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበረ አሁን ላስታውስ ብሞክር አልመጣልኝ አለ። ሠላሳ ዓመት አብሮን የኖረ ሰው!

የሠርግህን ፎቶዎች ይዘህ ሄደሃል። አሰን ያን ቀን የወይን ጠጅ በርሜል ተሸክሞልን ነበር፤ የምግብ ሳህኑን ከአጥር ውጭ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በሩ የሚታይበት ፎቶ ካለ እባክህ በማጉያ መነጽር ፈልገው። ፊቱን ካገኘህ ቶሎ ላክልኝ። ስለ አለቃህ ካሁን በኋላ አላለቅስልህም፤ በምን ዓይኔ?

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ስለዚህ ነገር እንድጽፍልህ ግን አልወደደችም። አክስት ፔንካ ኔሊን ሳምልኝ ብላሃለች። ለራድካ እንደ እህቴ ሰላም በልልኝ። ፖስታ ቤት ደጃፍ ባገኘችኝ ቁጥር «ለጋሼ ቬሴሊን ሰላም በይልኝ» የምትለው ስላቭካ ዛሬም እዚያው አግኝታኝ ነበር። ዓይኗ በእኔ ላይ አልፎ ግድግዳውን አየ። ከእሷ ሰላምታ የለህም።

እህትህ ዝላትካ
ጎርና ቪሽና፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2009