የአውቶቡሱ አዋጅና የጓንጉል ሹመት

ይድረስ ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ ለአቶ ሀብተ ወልድ፤ ደሴ።

ወንድም ጋሼ፣ ለመሆኑ እንዴት ከረሙ? ያ መሪ ሲጨብጡ ወገብዎን ሰቅዞ የሚይዝዎ ሕመም ለቀቀዎ ወይስ አሁንም እያነከሱ ነው የሚወርዱት? ባለቤትዎ እትዬ ሠርኬስ ደህና ናቸው? ብርዱ ጉሮሯቸውን አልነካቸውም? እኛ ሁላችንም በአካል ደህና ነን፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። በሐሳብም ደህና ነን ብል ግን እዋሽዎታለሁ።

በሾፌሩ በቶላ አፍ የላኩልኝ ቃል ደርሶኛል። ባለ ብዙ አውቶቡሱ ፊታውራሪ ደመቀ አውቶቡስዎን ሊገዙዎትና የኩባንያቸው የደሴ ወኪል ሊያደርጉዎት ቃል እንደገቡልዎ፣ በለውጡም ባሌ ጓንጉል በምክር ቤት አፉን እንዲሰበስብ እንደጠየቁ፣ እርስዎም ለምኚልኝ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ከመንገደኛ ተጣሞ ከሚደርስዎ ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው የጻፍኩት።

ረቂቁ አዋጅ፣ እርስዎም እንደሚያውቁት፣ ከከተማ ወደ ከተማ ሕዝብ የሚያመላልስ ሁሉ ብዙ አውቶቡስ ያለው ኩባንያ ይሁን የሚል ነው። እንደ እርስዎ አንዲት አውቶቡስ ገዝቶ፣ ራሱ ነድቶ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ፈቃዱ አይታደስለትም። ለምን ሲባል ለተሳፋሪው ደኅንነት ነው ይላሉ። ወሬው ከተሰማ ጀምሮ አውቶቡስ ተራ እንደ ድሮው አይደለም። እኔ ገመድና ሸራ የምሸጠው ለእነዚሁ ጣሪያ ላይ ዕቃ ለሚጭኑት ስለሆነ፣ የሚመጣው ሁሉ ገመዱን እየዳበሰ፣ እትዬ ሸዋርካብሽ፣ አቶ ጓንጉል ምን አሉ? ይለኛል። የመረጡት እነሱ ናቸውና አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ገመዱን እየለካሁ ሌላ ወሬ አነሳለሁ።

የእርስዎን ቃል እራት ላይ ነገርኩት። ጓንጉል እጁን ከገበታው አነሳና፣ ሀብተ ወልድ ይህን ያለው አምኖበት ነው ወይስ ፈርቶ? አለኝ። አላውቅም አልኩት። አንቺስ? አለኝ። እኔማ እፈራለሁ፣ ልጆች አሉን አልኩት። እኔም እፈራለሁ አለኝ። እንዲያ ሲል ሰምቼው ስለማላውቅ ይልቁንም እሱ አስደነገጠኝ።

በማግስቱ ፊታውራሪ ራሳቸው በመኪና ጭድ ተራ ድረስ መጥተው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አነሳ። ባልሽ አስተዋይ ሰው ነው፣ አስተዋይ ሰው ደግሞ የት ዝም እንደሚባል አይጠፋውም አሉኝ። በፈገግታ ነው ያሉት። እኔም እጅ ነሥቼ ሸኘኋቸው፤ ከሄዱ በኋላ ግን ሸራው ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ የማናውቀው ሰው ከሱቄ ፊት ለፊት ጋዜጣ ይዞ መዋል ጀመረ። ጋዜጣውን ሲገልጠው አላየሁም።

አዋጁ የቀረበ ዕለት እኔ አልሄድኩም። የጅማ መስመር የሚሠራው ጎረቤታችን ጃፋር ግን በእንግዶች ቦታ ተቀምጦ ሰምቷል። የምክር ቤቱ ሰዎች ጓንጉል ይሳደባል ብለው ፈርተው ነበር፤ እሱ ግን ረጋ ብሎ፣ ደኅንነት ያላችሁት እውነት ነው፣ የተበላሸ መኪና መንገድ ላይ አይውጣ አለ። ቀጥሎም፣ ፍሬን የባለቤቱን ሀብት አይቶ አይበጠስም፤ ስለዚህ የባለ አንዱም የባለ ሃያውም አውቶቡስ በአንድ መርማሪ ይታይ፣ ያለፈ ይሥራ፣ የወደቀ ይቁም አለ። ባለ አንድ አውቶቡሶች በማኅበር ተደራጅተው በአንድ ፈቃድ እንዲሠሩ የሚል አንቀጽ እንዲጨመርም ጠየቀ። አዋጁን ያቀረቡት ባለሥልጣን፣ እርስዎ የሚናገሩት ለሕዝብ ነው ወይስ ለገበያ ጓደኞችዎ? ብለው ጠየቁት። ጓንጉልም፣ የሚስቴ ወንድም ከእነዚህ አንዱ ነው፣ እሱም ዝም እንድል ነው የለመነኝ፤ ስለዚህ ለዘመድ ተናገርክ አትበሉኝ ብሎ መለሰ ይላል ጃፋር።

ወንድም ጋሼ፣ ጓንጉል ስምዎን አላነሳም። ቢሆንም ይህን ስሰማ ስለ እርስዎ አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ በማፈሬ አዘንኩ።

ነገሩ እጅ በማውጣት ሲወሰን ቆጠራው አጠራጥሮ ደግመው ቆጠሩት። የጓንጉል አንቀጽ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ያን ምሽት አውቶቡስ ተራ ጡሩንባ በጡሩንባ ሆነ፤ የጃፋር ሚስት ጠሂራ ሳምቡሳ ጠብሳ በትልቅ ሳህን ይዛልኝ መጣች። ሁሉም ሲበላ እኔ ድርሻዬን ለልጆቹ አሳለፍኩ።

የፈራሁትም አልቀረ። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ጓንጉል ተጠርቶ፣ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ቆላ ውስጥ የአንድ ወረዳ ምክትል ገዥ ሆነህ ተሹመሃል ተባለ። የተሾመ ሰው ደግሞ የምክር ቤት ወንበሩን ይለቃል። ጎረቤቱ እንኳን ደስ ያለሽ እያለ ይስመኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። እምቢ በል ብዬ ለምኜው ነበር። ሹመት አልቀበልም ማለት የአመፀኛ ስም ያሰጣል፣ የዚያን ጊዜ ከቆላም የባሰ ቦታ አለ አለኝ። ከሁሉ የምፈራው ወባውን ነው። እኔና ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንከተለዋለን፤ ሱቁን ጠሂራ ትይዝልኛለች።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ማኅበሩ ከፋሲካ በፊት ካልተመዘገበ ያ አንቀጽ እንዲሁ ተጽፎ ይቀራል። የጅማና የነቀምቴ መስመር ሰዎች ፈርመዋል። የደሴዎቹ ግን ሀብተ ወልድ ካልፈረመ አንፈርምም ብለዋል አሉ፤ እርስዎን አይተው ነው የሚወስኑት። ጓንጉል ይህን እንዳልጽፍልዎ ከልክሎኛል። አታስገድጂው፣ ፈርቶ ቢቀርም ወንድምሽ ነው ብሎኛል። እኔ ግን እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ አውቶቡሱን አይሽጡ፣ መጥተው ይፈርሙ። ፊታውራሪ የሚከፍሉት ለብረቱ ብቻ አይደለም።

ጓንጉል የሚሄደው በመጪው ሰኞ ነው። እስከዚያ ድረስ፣ የደሴ አውቶቡስ በሚገባበት ሰዓት ከቤት ይወጣና እሱቄ በር ላይ ይቆማል። ምን ፈለግህ ስለው ነፋስ ልቀበል ነው ይለኛል። ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅ አይገባም።

እትዬ ሠርኬን ሁለት ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ጽጌሬዳ አድጋ ቁመቷ እኔን አክሏል አሉኝ፤ አክስትሽ ናፍቃሻለች ይበሉልኝ። ለረዳትዎ ለደምመላሽም ሰላምታዬ ይድረሰው። ልጆቼ እጅዎን ይስማሉ። ጓንጉል እንደምጽፍልዎ አያውቅም፣ ቢያውቅ ግን እሱም ሰላም ይልዎ ነበር።

የምትወድዎ እህትዎ
ሸዋርካብሽ

አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ፣ ጭድ ተራ
የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.