ትኩሳት ያለበት ሳጥን

ደሴ፣ ጥር 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

ውድ ወለተ ሐና፣

እንደ ወጉ ቢሆን መጀመሪያ ጤንነትሽን እጠይቅ ነበር። ነገር ግን በጣም ተናድጃለሁ፣ ስለዚህ ንዴቴን አስቀድሜ ጤንነትሽን ከታች እጠይቃለሁ። ያሸግሁትን የመብራት ሳጥን ከፍተሻል። የነገረኝ ሀሰን ሹፌሩ ነው፤ ትናንት ከላሊበላ ሲመለስ መሥሪያ ቤታችን በር ላይ አገኘኝና ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ፣ «ያቺ የጤና ጣቢያዋ ልጅ ማኅተምህን በመቀስ ቆረጠችው» አለኝ። የእትብት መቁረጫ መቀስ ነው አይደል? ሌላም ነገር ነግሮኛል። እሱን እደርስበታለሁ፤ በቅድሚያ ግን ትሰሚኛለሽ።

ሥራዬ ሰውን መብራት መከልከል ይመስልሻል። አይደለም። ሥራዬ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረውን የመብራት ማከፋፈያ ሁሉ እየከፈትኩ፣ የትኛው ቤት ሊያቃጥል እንደተዘጋጀ መለየት ነው። ወደ እናንተ ስመጣ መንገድ ላይ ኮን ከተማ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ጋቢውን ማብሪያ ማጥፊያው እጀታ ላይ ሰቅሎ አገኘሁት። ምነው ብዬ ስጠይቀው፣ «ታዲያ የት ልስቀለው?» አለኝ። ፍላቂት ደግሞ አንዱ ሹም በተቃጠለው ባልቦላ ፋንታ ምስማር ሰክቶ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን መብራት ጠፍቶባቸው እንደማያውቅ በኩራት አስረዳኝ። እንዴት ይጠፋል? ባልቦላ እኮ የሚሰካው ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ቀድሞ እንዲቃጠልና ቤቱን እንዲያድን ነው። ምስማር አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ቤቱ ነው። ይህን ስናገር ሰውዬው ፈገግ እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እኔ ከወጣሁ በኋላ ምስማሩን መልሶ እንደሰካው እርግጠኛ ነኝ።

እናንተ ጋ ስደርስ እንግዲህ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር።

የገና ሰሞን ስለነበር ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል፣ ብርዱም አጥንት ይሰብራል። የወላዶቹን ክፍል ስትከፍችልኝ በለሆሳስ፣ «ቀስ ብለው ይርገጡ፣ ተኝቷል» አልሽኝ። ማን እንደተኛ አልገባኝም ነበር። ማከፋፈያው ሳጥን ጥጉ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር፣ አግዳሚው ላይ የስፌት ሙዳይ፣ ሙዳዩ ውስጥ በጥጥ የተጠቀለለ፣ ከእጄ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሕፃን። ከሳጥኑ በላይ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛችሁ የዳቦ ሊጥ ኩፍ ብሎ ተቀምጧል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ልጅ ነው።»

«ልጅነቱንማ አያለሁ። እዚህ ምን ይሠራል?»

«ይሞቃል» አልሽ፣ ያላዋቂ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው። «ይህ ሳጥን እኮ ደግ ነው። የመብራቱ ሞተር ከተነሣ ጀምሮ ይሞቅልናል። ያለ ወሩ የተወለደ ሁሉ እዚሁ ሥር ነው ነፍሱ የምትመለሰው።»

ደግ አልሽው። ወለተ ሐና፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ የተበላሸ ማከፋፈያ ሲመሰገን ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ስከፍተው የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የሽቦዎቹ ልባስ በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ከኋላ ያለው እንጨት ጠቁሮ ከስሏል። በባልቦላው ፋንታ አንድ ሰው ወፍራም ሽቦ ገምዶ አስሮበታል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደባሱ ደግሞ የአዳራሹን ድምፅ ማጉያና የኅብረት ሱቁን መብራት ከዚሁ ከምስኪኑ ሳጥን ላይ ቀጥለውበታል። ከሕፃኑ ራስጌ በላይ የሚሞቀው እንግዲህ ይኼ ነው።

በዚያን ጊዜ ያልኩሽን አሁንም እደግመዋለሁ። ሳጥኑ የሚሞቀው ደግ ስለሆነ አይደለም፣ ስለታመመ ነው። ትኩሳት ነው። አንቺ የጤና ባለሙያ ነሽ፤ ግንባሩ የሚያተኩስ በሽተኛ ብታገኚ፣ እሰይ ሞቀ ብለሽ ጨቅላ ታስታቅፊዋለሽ?

አንቺም የመለስሽልኝን አልረሳሁትም። እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ስትይኝ ቆይተሽ፣ ድንገት አንተ አልሽኝ። «ያንተ እሳት ምናልባት ነው» አልሽ። «የዚህ ልጅ ብርድ ግን ዛሬ ማታ ነው።»

ጮህኩብሽ። የጋለ ውኃ በጠርሙስ እየሞላሽ አስታቅፊው አልኩሽ፤ ላስታ ውስጥ ማገዶው ከየት እንደሚመጣ ሳልጠይቅ። በዚህ መሐል ጓድ ደባሱ ብቅ ብለው፣ «ጓድ ኢንጂነር፣ የንቃት ስብሰባ አለብን እኮ፤ ድምፅ ማጉያው ምን ሊሆን ነው?» ሲሉኝ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡብኝ። መብራቱን አጥፍቼ ሳጥኑን ዘጋሁ። የማኅተሙን ሽቦ ላስገባ ስል እጄ እየተንቀጠቀጠ አልገባልህ አለኝ። አንቺ ፊትሽን አዙረሽ ስለነበር አላየሽም። የልጁ እናት ይማርሽ ግን አልጋዋ ላይ ሆና እጄን ታይ ነበር። ትረግመኛለች ብዬ ነበር የወጣሁት።

ከዚያ ወዲህ ደሴ ተቀምጬ የማደርገውን ልንገርሽ። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ለላሊበላ ጤና ጣቢያ አዲስ ማከፋፈያ ስጡኝ አልኩ። በሚቀጥለው በጀት ይታያል አሉኝ። ሕፃን አለ አልኳቸው። ሕፃኑም በሚቀጥለው በጀት ይታያል ሊሉኝ ምንም አልቀራቸውም። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ለካድሬዎቹ ክበብ የመጣ አዲስ ማከፋፈያ አቧራ እየጠጣ ተቀምጧል። በየቀኑ እየገባሁ ጨቀጨቅኋቸው፤ ከእናንተ ዘንድ ከተመለስኩበት ቀን ጀምሬ እስከ ትናንት። ዞር ብዬ ደግሞ ይኼኔ ልጁ በርዶታል እላለሁ። ልብሴን ደርቤ ስተኛ በርዶታል እላለሁ። ሀሰን መጣ በተባለ ቁጥር ወደ በሩ ወጥቼ፣ ወሬውን እንዳይነግረኝ ፈርቼ እመለሳለሁ። ይህን ሁሉ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ምንም አድርገሽ አትከፍይኝም።

አሁን ሀሰን የነገረኝን ቀሪውን ልጻፍ። «አብሽር» አለኝ ፊቴን አይቶ፤ «ልጁ አለ። ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት፣ አልቅሶ ቤቱን ያናጋዋል።» ከዚያ አንቺ ማኅተሙን ስለቆረጥሽ ነው የተረፈው ብሎ ጨመረልኝ። ልቆጣ ፈለግሁ፣ ተቆጣሁም፤ ግን ደስታው አስቸገረኝ። ሳጥኑ እስካሁን አለመቃጠሉ ትክክል አያደርግሽም። ልጁ መትረፉ ደግሞ እኔን ትክክል አያደርገኝም። ይኼ ነው የሚያናድደኝ፤ የማን ጥፋት እንደሆነ ለይቼ እንኳ መጣላት አልቻልኩም።

ሀሰን መኪናውን ሊያስነሣ ሲል ያስታወሰው የመሰለ አንድ መልእክት ነበረው። ይማርሽ ልጇን ጥር መጨረሻ ላይ ክርስትና ታስነሣለች። ክርስትና አባቱ ማን ይሁን ሲሏት፣ «ሳጥኑን የዘጋው ሰውዬ ይሁን» አለች አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀባት አሉ። እሷ ግን፣ «ብትስቁም እጁን አላያችሁትም። እኔ አይቸዋለሁ። ለልጄ የፈራለት ሰው ነው» ብላ ዘጋች።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ዕቃ ግምጃ ቤት የገባሁት ለመለመን አልነበረም። ማከፋፈያውን በኃላፊነቴ ፈርሜ አወጣሁት። አለቃዬ ሲሰሙ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ፤ የካድሬዎቹ ክበብ ትንሽ ይጨልም።

እንግዲህ ሀሰን ይህን ደብዳቤና ሁለት ሳጥኖች ያደርስልሻል። ትልቁ አዲሱ ማከፋፈያ ነው። ሞተረኛው አራጋው ይግጠመው፤ ጎበዝ ነው፣ ግን ቆመሽ እዪው። የጓድ ደባሱ ድምፅ ማጉያ አይቀጠልበትም። ቅር ካላቸው ወደ እኔ ይጻፉ። ባልቦላው ቢቃጠል በሌላ ባልቦላ ይተካ፤ መለዋወጫ በጨርቅ ቋጥሬ ልኬአለሁ። ምስማር፣ ሽቦ፣ የፀጉር ወስፌ፣ ምንም ነገር እንዳትሰኩበት። አሮጌውን አስነቅለሽ እንጨቱን ገልብጠሽ ተመልከቺው፤ ምን ያህል እንደከሰለ ስታዪ ከእኔ ጋር መከራከርሽን ትተያለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አትተይም።

ትንሹን ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። ውስጡ በሱፍ ጨርቅ የተለበጠ ነው፤ ከታች ሁለት አምፖሎች አሉት፣ ከላያቸው ቆርቆሮ አለ፣ ልጁን ከቆርቆሮው በላይ ባለው እርብራብ ላይ ታስተኚዋለሽ። የራሱ ባልቦላ አለው። ሞተሩ ሲጠፋ በብርድ ልብስ ሸፍኚው፣ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ግን አትድፈኚ። ይህኛው የሚሞቀው ታሞ አይደለም፣ እንዲሞቅ ስለተሠራ ነው። የይማርሽ ልጅ ጠንክሮ ከሆነ ለሚቀጥለው ይሁን። የዳቦ ሊጥ ግን እንዳይገባበት።

ለክርስትናው እመጣለሁ። የይለፍ ወረቀት ከከለከሉኝ ሀሰን ከጆንያው መሐል ቦታ አይነሣኝም። ስደርስ በመጀመሪያ እጄን ግድግዳው ላይ ባለው ማከፋፈያ ላይ አሳርፋለሁ። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሞቆ ካገኘሁት ልጁን ሳላቅፍ፣ አንቺንም ሳላናግር፣ በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ።

ውሸቴን ነው። አልመለስም።

ጤንነትሽስ እንዴት ነው?

እስክንገናኝ የሚቆጣሽ፣
አዝመራው